አርጃኖን በቤት ማሳደር አይገባም



በዚህች ወርኃዊ ጽሑፍ ዘወትር የምናነሣው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ምንጭ ውሃ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ቅማልና ስለ ቁንጫ ነው። ዛሬ ግን ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ አንባቢ እንግዳ የሚመስል ነገር ይዘን ቀርበናል፤ ይኸውም ትልልቅ እንሽላሊቶችን፣ ይልቁንም አርጃኖን፣ እንደ ውሻና እንደ ድመት በቤት አላምዶ ስለ ማሳደር ነው። አንዳንዱ አንባቢ «በዚህ ሁሉ ብርድ ውስጥ ማን አርጃኖ ያሳድጋል?» ብሎ ፈገግ ሊል ይችላል። በፈገግታው አንቀየምም። ነገር ግን ጽሑፉን እስከ መጨረሻው እንዲያነብልን እንለምነዋለን፤ ነገሩ በአርጃኖ ይጀመር እንጂ በአርጃኖ ብቻ የሚያልቅ አይደለምና።

ዛሬ ልጆቻችን ዓለምን የሚያዩት በመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በእጅ ስልክ ላይ በባዕድ አገር የሚኖሩ ሰዎች ኢጓና የሚባለውን የአሜሪካ እንሽላሊት በትከሻቸው አስቀምጠው፣ ሌሎችም የአፍሪካን አርጃኖ በገመድ አስረው ሲጓዙ ይመለከታሉ። ልጅ ደግሞ ያየውን መድገም ይወዳል። መድገሚያውም ከእኛ የራቀ አይደለም። መሐል ሜዳ የቆመ ሰው ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺሕ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በደጋ ብርድ ውስጥ ነው፤ ከዓለም ከተማ ቁልቁል ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ ግን ሙቁን ቆላ ያገኛል። ጀማ ከዓባይ ገባሮች አንዱ ነው፤ አርጃኖም በአገራችን ሞቃት የወንዝና የሐይቅ ዳርቻዎች የሚኖር ፍጥረት ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ አርጃኖን በቤት ማሳደር በእኛ ዘንድ ልማድ ሆኖ አያውቅም። በከተሞቻችን የተለመደው ኤሊን በግቢ ውስጥ ማኖር ነው። እኛም የምንጽፈው ክፉ ልማድ ተስፋፍቷል ብለን ለመውቀስ ሳይሆን፣ ገና ሳይጀመር በሩን ለመዝጋት ነው። በሽታን ከቤት ከገባ በኋላ ማስወጣት ብዙ ገንዘብና ብዙ እንባ ይጠይቃል፤ ከደጅ መመለስ ግን አንድ ቃል ይበቃዋል።

አስቀድመን ስለ እንስሳው ጠባይ ጥቂት እንናገር። አርጃኖ ከእንቁላሉ ሲወጣ ርዝመቱ ከስንዝር ተኩል ብዙ አይበልጥም። ቆዳው በቢጫ ነጠብጣብ ያጌጠ ስለ ሆነ ለሚያየው ሁሉ ያምራል፤ ልጅም በኪሱ ይዞት ሊሄድ ይችላል። ካደገ በኋላ ግን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ 2 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ምግቡ ዓሣ፣ ሸርጣን፣ እንቁራሪት፣ የወፍና የአዞ እንቁላል፣ እንዲሁም የሞተ እንስሳ ሥጋ ነው። ጅራቱ እንደ አለንጋ ይገርፋል፤ ጥፍሩ ዛፍ የሚወጣበትና ጉድጓድ የሚቆፍርበት ስለ ሆነ ቆዳን ይቀዳል፤ መንጋጋውም የቀንድ አውጣ ቅርፊት ለመስበር የተሠራ ነው። እንግዲህ ይህን የመሰለ ፍጥረት ዳዴ ከሚል ሕፃን ጋር በአንድ ወለል ላይ ማዋል ምን ያህል ጥበብ እንደ ጐደለው ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

«ከትንሽነቱ ካለመዱት ይለምዳል» የሚሉ አሉ። በባዕድ አገር ያሉ ሰዎችም እንዲሁ ብለው ነበር። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት በቤት ሊያሳድጉት የገዙት የአፍሪካ አርጃኖ አምልጦ ወይም ባለቤቶቹ ሰልችተው ለቀውት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1990 ጀምሮ ኬፕ ኮራል በምትባለው ከተማ ዙሪያ በዱር ሲራባ ታይቷል። ከትንሽነቱ ያሳደጉት እንስሳ ቢለምድ ኖሮ ባለቤቶቹ በወንዝ ዳር አይጥሉትም ነበር። በ2024 ደግሞ በኮሎራዶ ግዛት አንድ ሰው በቤቱ የሚያሳድገው መርዛም እንሽላሊት፣ ሂላ የሚባለው፣ ነክሶት በጥቂት ቀን ውስጥ ሞቷል። አርጃኖ እንደ ሂላ በመርዙ ሰው የሚገድል አይደለም፤ ይሁን እንጂ ንክሻው ጥልቅ ነው፤ በቁስሉ ውስጥ የሚቀረው የአፉ እድፍም ቁስሉን ያመረቅዘዋል።

ሆኖም በዚህ ጽሑፍ አንባቢን ከሁሉ በላይ ልናስጠነቅቅ የምንፈልገው ስለ ጥርሱና ስለ ጅራቱ አይደለም። ጥርስ ይታያል፤ ከሚታይ ነገር ሰው ይጠነቀቃል። የሚያስፈራው የማይታየው ነው።

ሳልሞኔላ የሚባሉ በዐይን የማይታዩ ተሐዋስያን አሉ። ስማቸውን ያገኙት ዳንኤል ሳልሞን ከሚባለው አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም ነው። ታይፎይድን የሚያመጣው ተሐዋስ ከእነዚሁ ወገን ሲሆን፣ እርሱ በሰው ላይ ብቻ ይኖራል። የቀሩት ዐይነቶች ግን በብዙ እንስሳት አንጀት ውስጥ ይገኛሉ፤ በእንሽላሊት፣ በእባብና በኤሊ አንጀት ውስጥ ደግሞ እንደ ቤተኛ ሆነው ይኖራሉ። እንስሳውን አያሳምሙትም፤ አያከሱትም፤ ምልክትም አያሳዩበትም። እርሱ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ፀሐይ ሞቆ ይውላል፤ ከኩሱ ጋር የሚወጡት ተሐዋስያን ግን በቆዳው፣ በጥፍሩ፣ በተኛበት ጨርቅና በረገጠው ወለል ሁሉ ይቀራሉ። አንድ ቀን ይወጣሉ፤ ሌላ ቀን አይወጡም፤ ስለዚህ ኩሱ አንድ ጊዜ ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ያ ምስክር አይሆንም።

ከዚህ ቀጥሎ ሰው እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ይቆርሳል፤ እናት ሕፃኗን ታጠባለች፤ ሕፃኑም ጣቱን ወደ አፉ ይወስዳል። ከጥቂት ሰዓት እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ይጀምራል። ብርቱ ሰው ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይድናል። ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን፣ ያረጀ ሰው ወይም በሌላ በሽታ የተዳከመ በሽተኛ ግን እንዲሁ አይተርፍ ይሆናል፤ ተሐዋስያኑ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል ሽፋን የሚዘልቁበት ጊዜ አለና። በዚያን ጊዜ እንስሳው በምድጃ አጠገብ ጤነኛ ሆኖ ተኝቷል፤ ሕፃኑ ደግሞ በመደብ ላይ በትኩሳት ይቃጠላል። ከቤተ ሰቡ መካከልም ሁለቱን ነገሮች አያይዞ የሚያስብ አይገኝም።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆን አንድ ታሪክ እንጥቀስ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ የአራዊት መጠበቂያ ውስጥ ኮሞዶ የሚባሉት፣ በዓለም ካሉት እንሽላሊቶች ሁሉ ትልቆቹ፣ ለሕዝብ ታይተው ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ስፍራው ከሄዱት ሰዎች፣ አብዛኞቹም ሕፃናት፣ 65 የሚሆኑት በሳልሞኔላ ታመሙ። ሐኪሞች ምክንያቱን ሲመረምሩ ከታመሙት አንዱ እንኳ እንሽላሊቱን በእጁ እንዳልነካ ተረዱ። የነኩት እንሽላሊቶቹ የታጠሩበትን የእንጨት አጥር ነበር። ከስፍራው ሲመለሱ እጃቸውን የታጠቡት ልጆች ግን ካልታጠቡት ይልቅ ከበሽታው ተጠብቀዋል።

አስተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቻችሁ ደጋግማችሁ ንገሩ። በውስጡ ሁለት ትምህርት አለ። አንደኛው፣ በሽታ እንዲይዘን እንስሳውን መንካት የግድ አለመሆኑ፣ እንስሳው የነካውን መንካት የሚበቃ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ያን ሁሉ ጉዳት አንድ ቁራጭ ሳሙናና አንድ ጣሳ ውሃ ሊያስቀሩት ይችሉ የነበረ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በመንዝና በግሼ ደጋ ይህ አደጋ ከሌላው ስፍራ ይልቅ የሚከፋበት ምክንያት አለ። እንሽላሊት እንደ በግና እንደ ሰው ከራሱ አካል ሙቀት አያወጣም፤ የሚንቀሳቀሰው፣ የሚበላውና የበላውን የሚፈጨው ከውጭ በሚያገኘው ሙቀት ነው። በባዕድ አገር ያሉ አሳዳጊዎች ለብቻው በተሠራ የመስተዋት ሣጥን ውስጥ አስገብተው በመብራት ያሞቁታል። እኛ ዘንድ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሜዳውን በሚያነጣበት አገር፣ ከጀማ ቆላ የመጣ አርጃኖ የት ይሞቃል? መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ ከምድጃው ዳር።

የምድጃው ዳር ግን ምን ያለበት ስፍራ ነው? ሊጡ የሚቦካበት፣ ወተቱ የሚቀመጥበት፣ ወጡ የሚወጠወጥበት፣ አራሷ የምትሞቅበት፣ ሕፃኑም የሚያንቀላፋበት ስፍራ ነው። ለእንስሳው ከቤቱ ሁሉ የሚስማማው ስፍራ ለሕፃኑ ከቤቱ ሁሉ ንጹሕ ሊሆን የሚገባው ስፍራ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ በደጋው አገር አርጃኖን በቤት የሚያሳድር ሰው ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ወይ እንስሳውን በብርድ ይገድላል፣ ወይ በሽታን ወደ ማዕዱ ያቀርባል። ሦስተኛ መንገድ አላየንም።

«እኛስ ኤሊ በግቢያችን ካኖርን ብዙ ዓመት ሆነን፤ ማንም አልታመመብንም» የሚል ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። ለዚህ ሰው ሁለት መልስ አለን። መጀመሪያ፣ ልጆቹ በተቅማጥ የታመሙበትን ጊዜ ሁሉ ያስታውስ፤ ከዚያም በእያንዳንዱ ጊዜ የበሽታው ምንጭ በምርመራ ታውቆ እንደ ነበር ራሱን ይጠይቅ። ሁለተኛም፣ በአሜሪካ አገር ትንንሽ ኤሊዎች ለልጆች መጫወቻ እየተባሉ በብዛት ይሸጡ ነበር። ልጆቹ ወደ አፋቸው ይከቷቸው ስለ ነበረ፣ መንግሥቱ በ1975 ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎች እንዳይሸጡ ከለከለ። በዚህም ክልከላ በዓመት 100 ሺሕ ያህል ልጆች ከሕመም እንደ ዳኑ ተገምቷል። ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ በ2004 የታተመ ጥናት፣ በዚያው አገር በዓመት ወደ 74 ሺሕ የሚሆን ሰው ከእነዚህና ከእንቁራሪት ወገኖች በሚመጣ ሳልሞኔላ እንደሚታመም ገምቷል። ሐኪምና ሳሙና በሞላበት አገር ይህን ያህል ከጐዳ፣ ውሃ ከሩቅ ምንጭ በጀርባ በሚቀዳበት አገር ምን ያህል ይጐዳ?

በመጀመሪያ ነገሩ በአርጃኖ ብቻ አያልቅም ያልነው ስለዚህ ነው። የጽሑፋችን ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም እንስሳ ጤነኛ መስሎ መታየቱ ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ይህ ሕግ በአርጃኖ ላይ ብቻ ሳይሆን ባለማመድናቸው በቤታችን እንስሳት ላይም ይሠራል።

ውሻን እንመልከት። በበዓል ቀን በግ ሲታረድ በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይገኝና «ይህ ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለውሻ ይጣላል። ያ ቋጠሮ የትል ልጆች የሞሉበት ነው። ትሉ በውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፤ ውሻው ግን አይታመምም። የትሉ እንቁላል ከኩሱ ጋር ወጥቶ በጠጉሩ ላይ ይጣበቃል፤ ውሻውን ያቀፈ ልጅም ሳያውቅ ይውጠዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ በልጁ ጉበት ላይ ያው የውሃ ቋጠሮ ይገኛል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥጋ ማቃጠል ወይም አጥልቆ መቅበር እንጂ ለውሻ መስጠት አይገባም። ስለ እብድ ውሻ በሽታም እንዲሁ ነው፤ የበሽታው ምልክት በውሻው ላይ ገና ሳይታይ ልጋጉ በሽታውን የሚያስተላልፍባቸው ቀናት አሉ። የነከሰን ውሻ «ጤነኛ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። ፓስተር በ1885 ያገኘው ክትባት የሚያድነው በሽታው ከመጀመሩ በፊት ሲሰጥ ነው፤ በሽታው ከጀመረ በኋላ ግን የሚተርፍ ሰው የለም ለማለት ይቻላል።

ጠጉሩ ለባናና ለዝተት የሚሆነው፣ ለመንዝ ሰው ሀብቱም መመኪያውም የሆነው በግ እንኳ፣ በብርዱ ምክንያት ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያድር ያው ሕግ ይከተለዋል። በጉን ከቤት አውጡና በውርጭ ግደሉት አንልም። ነገር ግን በሰውና በከብት መካከል የድንጋይ ግድግዳ ይኑር፤ ጋጣው የራሱ በር ይኑረው፤ ፍጉም በየማለዳው ይጠረግ እንላለን።

አሁን ሊደረግ የሚገባውን ባጭሩ እናስታውስ። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና በሽተኞች ባሉበት ቤት እንሽላሊትም ሆነ ኤሊ ፈጽሞ አይኑር። ኤሊ በግቢው ያለው ሰው ወደ ማድ ቤት እንዳይገባ ያጥረው፤ የሚጠጣበትንም ዕቃ ከሰው ዕቃ ጋር አይጠብ። እንስሳን ወይም እንስሳ የነካውን ነገር የነካ ሁሉ ወዲያውኑ በሳሙና፣ ሳሙና ከጠፋም በአመድና በውሃ እጁን ይታጠብ። አርጃኖ ወይም ሌላ እንስሳ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም ያስፈልገው ይሆናል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ጡት አይከልከል፤ አንዱ ከረጢት የሕይወት አድን ንጥረ ነገር በአንድ ሊትር ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ተበጥብጦ ጥቂት በጥቂት ይሰጠው። ትኩሳቱ ከጸና፣ ደም ከታየ ወይም ዐይኑ ከጐደጐደ ግን በቤት ማቆየት አይገባም።

የሳይንስ አስተማሪ ሕያው ፍጥረት ለተማሪዎቹ ማሳየት ሲፈልግ እኛ አንቃወመውም። ይሁን እንጂ ፍጥረቱን ወደ ክፍል ከማምጣት ይልቅ ተማሪዎቹን ወደ ፍጥረቱ ይውሰዳቸው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541ም ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ከልክሏል።

በመጨረሻም አንድ ነገር እንለምናለን። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው አርጃኖን ባየ ጊዜ ድንጋይ አያንሣበት። አርጃኖ በወንዙ ዳር የአዞ እንቁላል ይበላል፤ የሞተውንም ያነሣል፤ በዚያ ለማንም ጠላት አይደለም። በሽታ የሚሆንብን ከስፍራው አንሥተን ከምድጃችን ዳር ስናስቀምጠው ነው።

አውሬን በስፍራው የመተውን ጥበብ ለመንዝ ሰው የምናስተምረው እኛ አይደለንም። አባቶቻችን የጓሳን ሜዳ በራሳቸው ሕግ ለዓመታት እየዘጉና በወቅቱ እየከፈቱ፣ ሣሩን ለቤት ክዳን፣ ሜዳውንም ለጭላዳውና ለቀይ ቀበሮው ጠብቀው ኖረዋል። ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢናጋም፣ ሕዝቡ መልሶ አቁሞት ዛሬ ጓሳ በሕዝቡ ጥበቃ ሥር ይገኛል። ጭላዳው በገደሉ፣ ቀበሮው በሜዳው፣ ሰውም በቤቱ ይኖራል፤ ማየት የፈለገም ወደ ሜዳው ወጥቶ ያያል። እኛም ለአርጃኖ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ወንዙን ለእርሱ እንተውለት፤ የምድጃውን ዳር ለሕፃናታችን እንጠብቅላቸው።